ክሪሱን በብርጭቆ ወረቀት አትሹት፦ ስለ ሞሮ ጎራዴ የሚነገሩ ስህተቶች

የድሮ ጎራዴ ያገኘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ጠቁሯል፤ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ እንደ አዲስ ላድርገው?» በፍጹም! ስንቴ እንደተናገርኩት እኔም ረስቼዋለሁ።

የማወራው ስለ ክሪስ ነው። በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በሚንዳናኦና በሱሉ የሚኖሩት የሞሮ ሙስሊሞች ጎራዴ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ጦር እዚያ ሲዋጋ ብዙ ወታደር ክሪስ ይዞ ተመልሷል። ለዚህ ነው ዛሬም እዚህ አሜሪካ የሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ ብቅ የሚለው።

«ክሪስ የግድ እንደ እባብ የተጥመለመለ ነው።» አይደለም። ቀጥ ያለም፣ ግማሹ ብቻ የሚጥመለመልም ሞልቷል።

«ከጃቫው፣ ከኢንዶኔዥያው ክሪስ ጋር አንድ ነው።» ዘመዳሞች ናቸው። የጃቫው ግን መውጊያ ጩቤ ነው፤ የሞሮው ተለቅ ያለ መቁረጫ ጎራዴ።

«አርሴኒክ የሚቀቡት ለመመረዝ ነው።» ይሄ የሚወራው ስለ ጃቫው ነው። አርሴኒኩን ከሎሚ ጭማቂ ጋር የሚቀቡት የብረቱ ጥለት እንዲወጣ ነው፤ ብረቱ ይጠቁራል፣ ጥለቱ ውስጥ ያለው ኒኬል ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለማንኛውም ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ።

ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ልመለስ። ከእጀታው በታች፣ ስለቱ የሚሰፋበት ቦታ ላይ ጋንግያ የሚባል ብረት አለ። በድሮዎቹ ላይ ለብቻው ተሠርቶ የተገጠመ ነው፤ መጋጠሚያው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይሠራል። በኋላ በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ግን ከስለቱ ጋር አንድ ወጥ ነው፣ መስመሩም ከላይ የተጫረ ብቻ ነው። በመብራት አዙራችሁ እዩት። መስመሩ ጠርዙን ተሻግሮ ከዞረ የእውነት መጋጠሚያ ነው። ዕድሜውን ለመገመት ከዚህ የተሻለ ምልክት ጥቂት ነው።

አንድ ወንድማችን የገዛውን ክሪስ አመጣልኝ። ያብረቀርቃል። «በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው ሁለት ቀን ፈጀብኝ» አለኝ ደስ ብሎት። ጋንግያው ላይ ኦኪር የሚሉት የሐረግ ቅርጽ ተቀርጾበት ነበር። በጣቴ ስዳብሰው በአንዱ ጎን ሐረጉ አለ፤ በሌላው ጎን ለስልሷል። መስመሩም ግማሽ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ውስጤ አረረ። ያን የቀረጸው አንጥረኛ ተመልሶ አይመጣም።

የብረቱ ጥቁር ቆዳ ዕድሜው ነው፤ አትንኩት። ብረቱን የሚበላው ቀዩ ዝገት ነው። በነጭ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት፤ ጨርቁ ላይ ቀይ ከወጣ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ቀቡና ለጥቂት ቀን ተዉት። ከዚያ በተሳለ የቀርከሃ ስንጥር ቀስ ብላችሁ ፈቅፍቁ። ኮምጣጤ፣ ሽቦ፣ ሞተር ያለው መሞረጃ አይቅረበው። ሲጨርሱ ስስ ዘይት ይበቃል። እጀታው ላይ አታፍስሱት፤ እንጨቱና የተጠቀለለው ክር ይጠጣዋል። ላብም ያዝገዋልና ስለቱን በባዶ እጅ አትያዙት።

ያ ወንድማችን አሁን በየወሩ ዘይት ይቀባዋል። የጠፋውን ሐረግ ግን ማንም አይመልስለትም።