ክሪፕቶ በሰሜን ሸዋ፦ ሥራው፣ ጥበቃውና እምነቱ

ክሪፕቶ የሚባለው ገንዘብ በብረት ያልተቀረጸ፣ በወረቀት ያልታተመ፣ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ጊዜ በሚጻፍ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ብቻ የሚኖር ሀብት ነው። በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በመሐል ሜዳ ወጣቶች ዘንድ ስሙ የሚነሣው በሁለት መልክ ነው፤ አንዱ ከአገር ሳይወጡ በዶላር የሚከፈልበት ሥራ፣ ሌላው የዘመድ ጥሪት ይዞ የሚጠፋ ማጭበርበሪያ። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት ግን እምነት በዚህ ገንዘብ ውስጥ የት ላይ እንደሚያርፍ ማየት ያስፈልጋል።

ገንዘብን መርምሮ መቀበል ለሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከተራራው በታች ባለው የአልዩ አምባ ገበያ አሞሌ ጨውና ማርያ ትሬዛ ብር ይዘዋወሩ ነበር። ማርያ ትሬዛ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ ሲቀረጽ የኖረ የኦስትሪያ ብር ነው። ተቀባዩ አገሯንም መንግሥቷንም አያውቅም፤ የሚያምነው ዓይኑን ነበር፤ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ዕንቁዎች ጥርት ብለው ካልታዩት ብሩን ይመልሰዋል። በእቁብ ደግሞ እምነቱ የሚቆመው በሰው ላይ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፣ ጸሐፊው በደብተር ያሰፍራል፣ የእቁቡ ዳኛ ያጸናል።

ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚታወቀውና ማንነቱ እስካሁን ያልተረጋገጠው ሰው ወይም ቡድን በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ባሰራጨው ጽሑፍ ያቀረበው ሐሳብ ይህን ደብተር ከአንድ ጸሐፊ እጅ አውጥቶ ለሁሉም መስጠት ነበር። ከዚህ ሐሳብ የተወለደው የቢትኮይን መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ታኅሣሥ 25 ቀን 2001 ዓ.ም. ተጻፈ። በ10 ደቂቃ ገደማ አንድ አዲስ ገጽ ይጨመራል፤ እያንዳንዱ ገጽ ያለፈውን ገጽ አሻራ ስለሚይዝ የቆየውን መፋቅ የፈለገ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ እንደገና መሥራት ይኖርበታል። የሚወጣው መጠንም ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ በደንቡ ተወስኗል። በዚህ ሒሳቡ ጸሐፊውን በእርግጥ ተክቶታል፤ ዋሱን ግን አልተካም። በመዝገቡ በሁለቱም ጫፍ ያለው ያው የሚሳሳትና የሚታለል ሰው ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሣው ችግር ሁሉ የሚፈልቀውም ከዚያ ነው።

በዘርፉ ያለው ሥራ ብዙ ሰው ከሚያስበው የሰፋ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ኢቴርየም በተባለ ሌላ የክሪፕቶ መረብ ላይ ስማርት ኮንትራት የሚባሉ ራሳቸውን የሚያስፈጽሙ ውሎችን በሶሊዲቲ ቋንቋ የሚጽፉ ባለሙያዎች አሉ፤ የተጻፈውን መርምረው ቀዳዳ የሚፈልጉ ኦዲተሮች አሉ፤ ስህተት ላገኘ ሽልማት በሚሰጥበት አሠራርም ቅጥር ሳይኖራቸው የሚኖሩ አሉ። ፕሮግራም ለማይጽፍ ሰው የትርጉም፣ የደንበኞች አገልግሎት፣ የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳደርና የደንበኛን ማንነት የማጣራት ሥራ ይገኛል። በአገራችን የዚህ ሙያ ሥልጠና አዲስ አይደለም፤ ካርዳኖ የተባለውን የክሪፕቶ መረብ የሚያበለጽገው ኩባንያ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሴት ፕሮግራመሮችን ሃስኬል በተባለው ቋንቋ አሠልጥኗል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም በኮምፒውተር ዘርፍ ተማሪዎችን ያስመርቃል። ሌላው የሥራ መስክ የቢትኮይን ማይኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች አዲስ ገጽ ለመጨመር ተወዳድረው በምላሹ ቢትኮይን የሚያገኙበት ሥራ ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው ከቻይና ለመጡ ኩባንያዎች በውጭ ምንዛሪ ኃይል ይሸጣል። ሆኖም ማይኒንግ ብዙ መብራት እንጂ ብዙ እጅ አይፈልግም፤ ከጥቂት ቴክኒሻኖችና ጥበቃዎች ያለፈ የሥራ ዕድል መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

በርቀት ለሚሠራ ሰው ዋናው መሣሪያ መስመር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ በስልክ ዳታ ብቻ ይሠራ ለነበረ ሰው ቀጣሪውን ማግኘት እንኳ ከባድ ነበር። ሥራ ያለመስመር፣ ስም ያለሥራ አይቆይም፤ ይህ በሙያው መመዘኛዎች ውስጥ ባይጻፍም ለአካባቢው ልጆች ትልቁ እንቅፋት ሆኖ ቆይቷል።

ደመወዝ በአብዛኛው የሚከፈለው ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር እንዲሄድ በተደረገው ዩኤስዲቲ ነው። ወደ ብር ለመለወጥ ባንክ ስለማይቀበለው፣ ሻጭና ገዥ በቀጥታ የሚገናኙበት ፒቱፒ የተባለ ግብይት ተለምዷል። ሁለቱን የሚያገናኘው መገበያያ (ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ) የሻጩን ዩኤስዲቲ ይይዛል፣ ገዥው ብሩን በባንክ ወይም በቴሌብር ይልካል፣ ሻጩ «ብሩ ደርሶኛል» ብሎ ሲያጸድቅ የተያዘው ይለቀቃል። አደጋው ያለው በዚህች የመጨረሻ ቅጽበት ነው። አመሻሽ ላይ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ስልኩ ላይ ያጎነበሰ ሻጭ የክፍያ ፎቶ ይደርሰዋል፤ ፎቶው ላይ የባንኩ አርማ፣ የብሩ መጠን፣ የራሱ ስም ሳይቀር በትክክል ተጽፏል፤ ገዥው «ቶሎ ልቀቅልኝ፣ ቸኩያለሁ» እያለ ይወተውታል። የለመደ ሻጭ ፎቶውንም መልእክቱንም ትቶ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ቀሪውን ያያል። ብሩ ቢገባ እንኳ የላኪው ስም ከገዥው ስም ጋር ካልገጠመ አይለቅም፤ ከሌላ ሰው የተጭበረበረ ገንዘብ ሊሆን ይችላልና፣ ያን ጊዜ ሒሳቡ የሚታገደው የሻጩ ነው።

በሕግ በኩል፣ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት እንዳልተፈቀደ አሳውቋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በማይኒንግና በማስተላለፍ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖች እንዲመዘገቡ ጠይቋል። ስለዚህ የተታለለ ሰው ስሞታውን ከማቅረቡ በፊት የራሱ ግብይት እንደሚጠየቅበት ያስባል፤ ብዙዎችም ዝምታን ይመርጣሉ።

ማጭበርበሪያው በዝምድና መንገድ መምጣቱ ከሁሉም ያሳዝነኛል። የማኅበር ወንድም፣ የእቁብ ጓደኛ ወይም ከአረብ አገር የመጣች እህት «እኔ ተከፍሎኛል» ስትል፣ ያ ቃል በራሱ ዋስ ይሆናል። እርሷም አልዋሸችም፤ የተከፈላት ከኋላዋ ከገቡት ሰዎች ገንዘብ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበው፣ ክሪፕቶ ነኝ ባዩ ዋንኮይን በዚሁ መንገድ የተስፋፋ ሲሆን፣ እውነተኛ ብሎክቼይን፣ ማለትም ከላይ የተባለው ዓይነት የጋራ መዝገብ፣ አልነበረውም፤ መሥራቿ ሩጃ ኢግናቶቫ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከተሰወረች ወዲህ አልተያዘችም። እውነተኛ ሳንቲም የያዙ መገበያያዎችም ቢሆኑ ከውድቀት አልዳኑም፤ የቶክዮው ማውንት ጎክስ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ወደ 850,000 ቢትኮይን እንደጎደለው ገልጾ ወደቀ፣ ኤፍቲኤክስ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ፈረሰ፣ መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ሳንቲሙን በራሱ ዋሌት (ዲጂታል ቦርሳ) የሚይዝ ሰው ደግሞ ሀብቱን የሚያስከፍቱለት 12 ወይም 24 ቃላት ይሰጡታል። ቃላቱ ከ2,048 ቃላት ዝርዝር የሚመረጡ ሲሆን የአማርኛ ዝርዝር ስለሌለ የእኛ ሰው የሚገለብጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ቃል ቢያዛባ ሒሳቡ አይከፈትለትም፣ የሚያመለክትበት ቅርንጫፍም የለም። ቃላቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለራሱ የላከ ሰው ስልኩን የነካ ሁሉ እንዲወስድበት ፈቅዷል ማለት ነው። ሥራ ፈላጊዎች በተለይ ሊጠነቀቁ የሚገባው በቅጥር ስም ከሚመጣው ጥቃት ነው። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ሮኒን ከተባለው የክሪፕቶ መረብ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተዘረፈው አንድ መሐንዲስ የሐሰት የሥራ ቅጥር ሰነድ ከፍቶ እንደሆነ ተዘግቧል። ዛሬም «ይህን ኮድ አውርደህ አስነሳና ፈተናውን ሥራ» የሚል መልእክት ከተመረቀ ወዲህ ሥራ ሲጠብቅ ለከረመ ልጅ ሲደርሰው፣ ደስታው ጥርጣሬውን ይቀድመዋል።

ለብዙ ሰው የጋራ ገንዘብ የተዘጋጀው መከላከያ ባለብዙ ፊርማ ዋሌት ነው። አሠራሩ ቁልፎቹ በተለያዩ ሰዎች እጅ ያሉ፣ ሁሉም በተገኙበት ብቻ የሚከፈት የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋትን ይመስላል። ልዩነቱ፣ ሙዳዩን የሚከፍቱት ሰዎች የሚቆጠረውን ገንዘብ በዓይናቸው ሲያዩ፣ የዋሌቱ ፈራሚዎች የሚያዩት ስክሪን ብቻ መሆኑ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ባይቢት ከተባለው መገበያያ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ኢቴርየም የተወሰደው በዚህ ነው። ፈራሚዎቹ በየቁልፋቸው ፈርመዋል፤ ስክሪኑ ያሳያቸው የተለመደውን ዝውውር ሲሆን፣ በእርግጥ የፈረሙት ግን ዋሌቱን ለሌቦቹ የሚያስረክበውን ትእዛዝ ነበር።