አገር በቀል ዛፍ ምንድን ነው? (የድሬዳዋ ዛፍን አይጨምርም)

ሰሞኑን ስለ ኦክ ዛፍ የተጻፈ አንድ ነገር ስልክ ለስልክ ሲዞር አየሁ። እንግሊዝ አገር ውስጥ 2,300 ዓይነት ፍጥረት ከኦክ ጋር ተያይዞ ይኖራል ይላል። ቁጥሩ ልክ ነው። ከሥሩ ግን አንዱ «እኛም በየግቢያችን ኦክ እንትከል፤ ግራቪሊያ የምንለው እኮ ኦክ ነው፤ አገር በቀል ነው» ብሎ አስተያየት ሰጠ። ብዙ ሰው ወደደለት።

ወንድሜ፣ በአንድ አረፍተ ነገር ሦስት ስህተት! ሁለቱን ቶሎ ልለፋቸው። ግራቪሊያ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ «ኦክ» የሚል ቃል አለበት እንጂ ከኦክ ጋር አይዛመድም። አገሩም አውስትራሊያ ነው። እውነተኛው ኦክ ደግሞ በአፍሪካ ምድር በዱር የሚበቅለው ሰሜን ጫፍ ላይ ነው፤ እነ ሞሮኮና አልጄሪያ። ከሰሃራ ወዲህ አንድም የለም።

ሦስተኛው ነው ደሜን የሚያፈላው። «አገር በቀል» የሚለው።

ችግኝ ጣቢያ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ይመጣና «አገር በቀል ስጠኝ» ይልና ጣቱን ኒም ላይ ይቀስራል። «በአያቴ ጊዜም ነበረ» ይላል። ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር በኒም ጥላ ሻይ እየጠጣ ያደገ የድሬ ልጅ፣ ኒም የህንድ ነው ስትለው የሰደብከው ይመስለዋል። ከኒሙ የባሰው ደግሞ ያ እሳት የመሰለ ቀይ አበባ የሚያወጣው ነው። ስሙ ራሱ «የድሬዳዋ ዛፍ»! የመጣው ግን ከማዳጋስካር ነው። (ነጣ ያለ አበባ ያለው የቅርብ ዘመዱ የምሥራቃችን ቆላ አገር በቀል ነው፤ እሱን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።) በሁመር (ታማሪንድ) ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፈረንጆቹ የሚጠሩበት ስም «የህንድ ተምር» ከሚል አረብኛ የመጣ ስለሆነ ሁሉም ህንዳዊ ያደርገዋል። ትውልዱ አፍሪካ ነው።

አገር በቀል ማለት ሰው ሳያመጣው እዚያ ቦታ የበቀለ፣ ከቦታውም ነፍሳት፣ ወፎችና አፈር ጋር አብሮ የኖረ ማለት ነው። «አያቴ ያውቀዋል» መለኪያ አይሆንም። ድሬዳዋ ራሷ ከተማ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ነው። ለዛፍ ይሄ ትናንት ነው።

ሐረር ላይ ነገሩን የማስረዳው በአፎቻ ነው። አፎቻ የሐረሪዎች ማኅበር ነው፤ ለቅሶም ሠርግም በእሱ ነው። እድር በሉት፣ ግን ከእድር ሰፋ ያለ። መጤ ዛፍ ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ ቤት ተከራይቶ የገባ ሰው ማለት ነው። ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ጥላውን ይሰጣል፤ ጎረቤትም ሰላም ይለዋል። አፎቻ ግን የለውም። አገር በቀሉ አባል ነው። መዋጮ ይከፍላል። መዋጮው ደግሞ ቅጠል ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ የቁርቁራ ቅጠል ይዘው መጡ። ወንፊት ሆኗል። ከጀርባው ከጥፍር የማትበልጥ አረንጓዴ ትል ተለጥፋለች። «ልጄ፣ ዛፌ ታሞብኛል፤ የሚረጭ መድኃኒት ፈልግልኝ» አሉኝ። «እትዬ፣ አልታመመም፤ መዋጮ እየከፈለ ነው» ስላቸው ሳቁብኝ። በማግስቱ ጠዋት ግቢያቸው ቡና ስንጠጣ አንዲት ወፍ ያንን ቅርንጫፍ ቅጠል በቅጠል ስትፈትሽ አየን። ትሏን በአፏ ይዛ፣ ሳትውጣት፣ አጥሩን ተሻግራ ሄደች። ጫጩት አላት ማለት ነው። እህል የምትለቅም ወፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ጫጩቷን የምታሳድገው በትል ነው።

ሰው የማይገባው ይሄ ነው። «ኒም ጥሩ ነው፤ ቅጠሉን ምንም አይነካውም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቅጠሉን ምንም የማይነካውን ዛፍ አፎቻ የሌለው እለዋለሁ። እርግጥ ለኒም ፍትሐዊ ልሁን፤ በአገሩም ቢሆን መራራ ነው። እዚህም አበባው ላይ ንብ ይመጣል፤ ፍሬውን ወፍ ይበላል። እንግዳ ሠርግ ላይ ይበላ የለ እንዴ!

የኦክም ምስጢር ከዚህ የተለየ አይደለም። ከ2,300ዎቹ ውስጥ 326ቱ ከኦክ በቀር ሌላ ቤት የላቸውም። ኦኩን አምጥተህ ሐረር ብትተክለው እነሱ ተከትለውት አይመጡም። ዛፉ ይመጣል፤ አፎቻው እንግሊዝ ይቀራል።

ሾላን ተመልከቱ። አበባው ያለው ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ነው። ዘር እንዲይዝ አንዲት ደቃቃ ተርብ በቀዳዳው ገብታ ማዳቀል አለባት፤ እሷም እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው ነው። ግብፆች ሾላን ከጥንት ጀምሮ ሲተክሉ ኖረዋል። ተርቧ ግን እዚያ የለችም። ስለዚህ ዘር የለውም፤ በቁራጭ ብቻ ሲራባ ሺዎች ዓመታት አለፉ። ሠርጉን የሚደግስለት አፎቻ አገሩ ቀርቶበታል።

በነገራችን ላይ፣ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አብርሃም የተቀመጠበትን የመምሬ ዛፍ፣ ሌሎች «ኦክ» የሚሉትን፣ «የአድባር ዛፍ» ይለዋል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የኦክ ትርጉም የለም። የእኛ ኦክ ማን ነው ካላችሁኝ አድባር የሚሆነው ነው፤ ዋርካውና ሾላው።

«ታዲያ ኒሙን እንቁረጠው?» ይለኛል ያው አስተያየት ሰጪው። ማን አለ! በድሬ ሙቀት የቆመ ጥላ አይቆረጥም። መጤ ሁሉ ወራሪም አይደለም። ወራሪ ማለት እንደ ፕሮሶፒስና እንደ የወፍ ቆሎ ራሱን እየዘራ የሌላውን ቦታ የሚነጥቅ ነው፤ ተከራይ ሳይሆን ቤት ቀሚ። ደግሞም አገር በቀል ማለት በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ማለት አይደለም። ዋርካ የመንም አለ። የኢትዮጵያ የሆነ ሁሉ ለድሬ አገር በቀል ነው ማለትም አይደለም። ኮሶ ከኛው ደጋ ነው፤ ከዚራ ብትተክለው ግን ሲደርቅ ታያለህ። ዛፍ ክልልና ፓስፖርት አያውቅም፤ ከፍታና ዝናብ ነው የሚያውቀው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በአንድ ሰዓት የሚደረስ መንገድ ነው፤ ለዛፍ ግን ሌላ አገር ነው።

ስለዚህ ድሬ ላይ ቁርቁራ። እሾህ አለው፤ በር ላይ አይሁን። ፍሬውን ብሉና ፍሬ ድንጋዩን በቀስታ ሰንጥቃችሁ ዘሩን አውጡት፤ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ይደር። ሰፊ ግቢ ያለው ሁመር ይትከል፤ ለልጆቹ ይደርስላቸዋል። ሐረር ላይ ዋንዛ ወይም ወይራ። የዋንዛ ነጭ አበባ ሲወጣ ንቡ የሚያሰማው ድምፅ መንገድ ድረስ ይሰማል። ችግኙን ስትተክሉ ደግሞ፣ ስለ አላህ፣ ላስቲኩን አውልቁት! በየዓመቱ ከነላስቲኩ የተቀበረ፣ ሥሩ እንደ ገመድ የተጠመጠመ ሬሳ ቆፍሬ አወጣለሁ።

አስተያየት ሰጪው በመጨረሻ «እሺ፣ ሾላ ከየት ላግኝ?» አለኝ። ክረምት ሲገባ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ከጤነኛ ዛፍ ቆርጦ መትከል ነው፤ ይይዛል። ከቤቱ ግድግዳና ከሴፕቲክ ታንኩ ግን አርቀው፤ ሥሩ ሁለቱንም አይምርም።