ኮምፒውተርና ጨዋታ፦ ያሸነፈ ሁሉ ያስባል ወይ?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለው ስም የተወለደው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጨዋታ የጀመረው ግን ስም ሳይወጣለት ነው። ቼዝ፣ ዳማ፣ ጎ (የሩቅ ምሥራቅ የጠጠር ጨዋታ)፣ ፖከር፣ የቪዲዮ ጌም፣ ተመራማሪዎቹ ያልነኩት የለም ማለት ይቻላል። ለምን ጨዋታ? ሕጉ አጭር ነው። ማን እንዳሸነፈ አያከራክርም። ማሽኑ ስለ ዝናብም ስለ ገበያም ምንም ሳያውቅ መጫወት ይችላል። በዚያ ላይ ቼዝ የሚችል ሰው «ጭንቅላት አለው» ይባላል፤ ስለዚህ ቼዝ የሚችል ማሽን ቢሠራ፣ ማሽን ያስባል አያስብም የሚለው ክርክር በዚያው ያከትማል ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። ማሽኑ ተሠራ፣ የዓለም ሻምፒዮኑንም ረታ። ክርክሩ ግን አለ።

ታሪኩ የሚጀምረው በማጭበርበር ነው። በ1770 ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን የሚባል ሰው ቪየና ላይ ለማሪያ ቴሬዛ ቤተ መንግሥት አንድ ጉድ አሳየ። ጥምጥም ያሰረ፣ የቱርክ ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት ከትልቅ ሣጥን ኋላ ተቀምጧል፣ ሣጥኑ ላይ የቼዝ ሰሌዳ አለ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሣጥኑ በሮች በየተራ ተከፍተው በውስጡ የታጨቀው የብረት ጥርስ ሁሉ ለተመልካች ይታያል። ከዚያ አሻንጉሊቱ በእጁ እያነሳ ይጫወታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ያሸንፋል። ናፖሊዮን ራሱ በ1809 ገጥሞት ተረትቷል። ሚስጥሩ እንዲህ ነው፦ ሣጥኑ ውስጥ ቼዝ አዋቂ ሰው ተቀምጧል። አንዱ በር ሲከፈት በሚንሸራተት መቀመጫ ወደ ሌላው ጥግ ይሸሻል፣ ከላይ የትኛው ጠጠር እንደተነሳ ደግሞ ከሰሌዳው ሥር ባሉት ማግኔቶች ያውቃል። ይህ ማሽን በ1854 ፊላዴልፊያ ውስጥ እስኪቃጠል ድረስ በሁለት አህጉር ሰው ሲያስገርም ኖረ።

ከምር የታሰበበት ሥራ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በ1950 ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም እንዴት እንደሚጻፍ አሳየ። እኔ ይህን ባደርግ እሱ ምን ይመልሳል፣ እሱ ያን ቢመልስ እኔ ምን አደርጋለሁ እያሉ ወደ ፊት መቁጠር ነው። የሆነ ቦታ ላይ ይቆምና ሰሌዳው በነጥብ ይገመገማል። እስከ መጨረሻው መቁጠር አይሞከርም፤ በሻነን ግምት ሊኖሩ የሚችሉት የቼዝ ጨዋታዎች ብዛት 1 ተጽፎ 120 ዜሮ ይከተለዋል።

በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ «ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በጽሑፍ አነሳ። አነሳና ወዲያው ጣለው፤ ጥያቄው እንዲህ በደፈናው አያስኬድም አለና በጨዋታ ተካው። ዳኛው ከሰውና ከማሽን ጋር በጽሑፍ ብቻ ያወራል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ካቃተው ማሽኑ ተሳክቶለታል። ጽሑፉ ውስጥ ለምሳሌ የቀረበች አጭር ምልልስ አለች፣ እኔ በጣም ነው የምወዳት። ማሽኑ 34957 እና 70764 ደምር ይባላል። 30 ሰከንድ ያህል ዝም ይልና 105621 ይላል። ደምሩት እስቲ፤ ትክክለኛው መልስ 105721 ነው። ሰው ለመምሰል የፈለገ ማሽን ቆይቶ መመለስና መሳሳትም አለበት ማለት ነው። ቀጥሎ የቼዝ ጥያቄ ይመጣለታል፣ ያንን ግን በ15 ሰከንድ ማት አድርጎ ይጨርሳል።

ቱሪንግ ራሱ የቼዝ ፕሮግራም ጽፎ ነበር፣ የሚያስኬድለት ኮምፒውተር ግን አላገኘም። ስለዚህ በ1952 እሱ ራሱ ኮምፒውተር ሆነ። ወረቀት ላይ እያሰላ፣ ለአንድ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል እየፈጀ፣ ፕሮግራሙ ያዘዘውን ብቻ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ተጫወተ። ተሸነፈ።

ከቼዝ ይልቅ ዳማ ቀድሞ እጅ ሰጠ። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ውስጥ ይሠራ የነበረው አርተር ሳሙኤል በ1950ዎቹ የጻፈው ፕሮግራም ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተሻሽሎ ጸሐፊውን እስከ መብለጥ ደረሰ። ትልቁ የዳማ ታሪክ ግን የማሪየን ቲንስሊ ነው። ቲንስሊ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር ነው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ሲጫወት የተሸነፈባቸው ጨዋታዎች በጣት ይቆጠራሉ። በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ጆናታን ሼፈርና ጓደኞቹ ቺኑክ የተባለ ፕሮግራም ሠሩ። በ1990 ለወዳጅነት በተደረገ ጨዋታ ቺኑክ አሥረኛውን እርምጃ ሲያደርግ ቲንስሊ ቀና ብሎ «ይቆጭሃል» አለው። ማሽኑ ምንም አልታየውም ነበር። በመጨረሻም ተሸነፈ። በ1992 ለዓለም ሻምፒዮና ሲገናኙ ቲንስሊ 4 አሸነፈ፣ ቺኑክ 2፣ የቀሩት 33 ጨዋታዎች አቻ ወጡ። በ1994 ደግሞ ስድስት ጊዜ አቻ ከወጡ በኋላ ቲንስሊ ታመመና አቋረጠ፤ በዓመቱ በካንሰር አረፈ። ማን ይበልጥ እንደነበር በሰሌዳ ላይ ሳይለይ ቀረ። ሼፈር ግን አልተወውም። በ2007 ዳማ ሙሉ በሙሉ መፈታቱን አበሰረ፦ ሁለቱም ወገን ካልተሳሳቱ ሁሌም አቻ ነው።

የተፈታ ጨዋታ ላይ ማሽኑ ያስባል የሚል ሰው አላየሁም። ያስታውሳል እንጂ። እዚህ ላይ የገበጣ ዘመድ የሆነው የምዕራብ አፍሪካው አዋሪም አለ፤ በ2002 አምስተርዳም ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ከ889 ቢሊዮን በላይ የሆኑትን አቀማመጦቹን በሙሉ በኮምፒውተር አሰልተው ፈቱት፣ እሱም አቻ ሆነ። የኛ ገበጣ በአንድ ሕግ የሚገዛ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባወጣው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን እጅግ ብዙ ዓይነቶች መዝግቧል፣ እና የትኛው ይፈታ? እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሰንጠረዥ ነው፣ የድሮው የኢትዮጵያ ቼዝ። ጨዋታው በወረራ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እንደፈለጉ፣ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ይቀያይራል። የሻነን ስሌት በሙሉ የቆመው «አሁን የኔ ተራ ነው» በሚለው ላይ ነው። ወረራ ላይ ያ መሠረት ይናዳል።

ወደ ቼዝ ስንመለስ፣ ሁሉም የሚያውቀው የአይቢኤሙን ዲፕ ብሉ ነው። በ1996 ፊላዴልፊያ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ 4 ለ 2 ረታው። በግንቦት 1997 ኒውዮርክ ላይ በድጋሚ ሲገናኙ ማሽኑ 3.5 ለ 2.5 አሸነፈ። ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጥ ይፈትሽ ነበር። ጉዱ የፈላው በሁለተኛው ጨዋታ ነው። ማሽኑ ማንም ኮምፒውተር የሚጎመጀውን ጠጠር ትቶ ረጋ ያለ፣ አርቆ አሳቢ የሚመስል እርምጃ መረጠ። ካስፓሮቭ ደነገጠ፤ ከኋላ የሰው እጅ አለበት ብሎ ጠረጠረ። እንዲያውም እጅ የሰጠበት አቀማመጥ በደንብ ቢታይ አቻ ሊወጣበት ይችል እንደነበር በኋላ ተደረሰበት። ስድስተኛው ጨዋታ በ19 እርምጃ አለቀ፣ ካስፓሮቭን የጣለው የፈረስ መሥዋዕትነት ደግሞ ማሽኑ ያፈለቀው ሳይሆን ሰዎች አስቀድመው የመክፈቻ መዝገቡ ውስጥ ያስገቡለት ነበር። አይቢኤም ሌላ ግጥሚያ አልፈቀደም፣ ማሽኑንም አሰናበተው።

«ኃይለኛ ካልኩሌተር ነው በቃ» ተባለ። እውነቱን ለመናገር እኔም የምለው ያንኑ ነው። ጎ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ሰሌዳው 19 በ19 ነው፣ በመቁጠር ብቻ አይገፋም፣ አዋቂዎቹም ለምን እዚህ እንዳስቀመጡ ሲጠየቁ «ቅርጹ ያምራል» ይላሉ። ለንደን የሚገኘው ዲፕማይንድ የተባለ ኩባንያ የሠራው አልፋጎ መጀመሪያ ከሰዎች ጨዋታ ተማረ፣ ከዚያ ከራሱ ጋር እየተጫወተ በረታ። በመጋቢት 2016 ሴኡል ላይ ከደቡብ ኮሪያው የጎ ሊቅ ሊ ሴዶል ጋር አምስት ጊዜ ተጋጠመ። በሁለተኛው ጨዋታ 37ኛዋ እርምጃ ላይ ማንም ያልጠበቀው ቦታ ላይ አስቀመጠ። ጨዋታውን ሲተነትኑ የነበሩት አዋቂዎች ስህተት መሰላቸው። ሊ ሴዶል ለመመለስ ከአሥር ደቂቃ በላይ ፈጀበት። በማሽኑ በራሱ ግምት ሰው ያችን እርምጃ የመጫወት ዕድሉ ከ10,000 አንድ ነበር፤ እያወቀ ነው የተጫወታት። በአራተኛው ጨዋታ ሊ ሴዶል በ78ኛዋ እርምጃ የራሱን ተአምር ሠራ። አልፋጎ ግራ ተጋባ፣ የማይረባ እርምጃ መደርደር ጀመረ፣ ተሸነፈ። ውጤቱ 4 ለ 1። በቀጣዩ ዓመት የመጣው አልፋጎ ዜሮ የሰው ጨዋታ አንድም ሳያይ፣ ሕጉ ብቻ ተሰጥቶት፣ በሦስት ቀን ሊ ሴዶልን የረታውን ፕሮግራም 100 ለ 0 አሸነፈው።

እኔ ግን የማሽንን ነገር የምረዳው ሲያሸንፍ ሳይሆን ሲሸነፍ ሳየው ነው። ጥሩ ምሳሌ አለ። ካታጎ የሚባለው የጎ ፕሮግራም ከየትኛውም ሰው የሚበልጥ ነው። በ2023 አንድ አሜሪካዊ አማተር ተጫዋች ይህን መሰል ፕሮግራም ከ15 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈው። ዘዴው ቀላል ነው፦ የማሽኑን ጠጠሮች ቀስ ብሎ በትልቅ ቀለበት መክበብ፣ በመሃል ሌላ ጥግ ላይ ጠብ እየጫሩ ማዘናጋት። ቀለበቱ ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው እንኳ ማሽኑ አይታየውም። ጀማሪ ልጅ የሚያየው ነገር! ደካማ ጎኑን መጀመሪያ ያገኘው ሌላ ፕሮግራም ነው፣ ሰውየው አጥንቶ ተጠቀመበት። ሚሊዮን ጨዋታ የተጫወተ ማሽን «ተከበብኩ» የሚለውን ነገር እኛ እንደምናውቀው አያውቀውም ነበር ማለት ነው።

የጀልባዋም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ2016 ኦፕንኤአይ የተባለው ድርጅት አንድ ፕሮግራም የጀልባ እሽቅድምድም ጌም እንዲጫወት አሠለጠነ። ሽልማቱ ነጥብ ነበር፣ ነጥብ ደግሞ መንገድ ላይ ያሉትን ዒላማዎች በመምታት ይገኛል። ጀልባዋ ውድድሩን እርግፍ አድርጋ ተወችው። አንድ ጥግ ይዛ እየዞረች፣ ዒላማው በተመለሰ ቁጥር እየመታች፣ ከሌሎች ጀልባዎች ጋር እየተላተመች፣ በእሳት እየነደደች ነጥብ ሰበሰበች። ውድድሩን ሳትጨርስ ሰዎች ከሚያገኙት አማካይ የበለጠ ነጥብ አመጣች። የታዘዘችውን ፈጽማለች፤ ጨዋታው ምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

ፈላስፋው ጆን ሰርል በ1980 ያነሳው መከራከሪያ ከዚህ ጋር ይሄዳል፦ ምልክትን በሕግ መሠረት ማገላበጥ ብቻውን መረዳት አይሆንም። የሚቃወሙት ብዙ ናቸው፣ ክርክሩም ማለቂያ የለውም። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የማሽኑን ሆድ ዕቃ ከፍቶ መመርመር ነው። የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች (በጽሑፍ የሚያወሩት ፕሮግራሞች) ቼዝ አጫውቱኝ ሲባሉ ጥቂት እርምጃ በደንብ ይሄዱና ድንገት የሌለ ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፤ ሰሌዳ የላቸውም፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመቱ መቀጠል ነው ሥራቸው ይባላል። ነገር ግን በ2022 ተመራማሪዎች ኦቴሎ የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የእርምጃ ዝርዝር ብቻ ያስተማሩትን አነስተኛ ሞዴል ከፍተው አዩት። ሰሌዳ የሚባል ነገር አሳይተውት አያውቁም፣ ሕጉንም አልነገሩትም። ውስጡ ግን የትኛው ቤት ላይ ምን እንዳለ የሚያሳይ ምስል አገኙ። ያንን ምስል በእጃቸው ሲለውጡት ሞዴሉ በተለወጠው ሰሌዳ መሠረት መጫወት ጀመረ። ከዲፕ ብሉ ድል ይልቅ ይህ ለጥያቄው የሚቀርብ ማስረጃ ይመስለኛል። ኦቴሎ ግን 8 በ8 የሆነች ትንሽ ሰሌዳ ናት፣ እና ቼዝ ላይ የሌለ ጠጠር የሚያንቀሳቅሰውን ትልቁን ሞዴል እንዲህ ገልጦ ማየት በጣም ከባድ ሥራ ነው።