«በተራራ ላይ ያለች ከተማ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

አሜሪካ ውስጥ ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንዱ ፖለቲከኛ ተነስቶ አገራችን በተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት ማለቱ አይቀርም። ዛሬ ሲሉት እኛ ከሌላው አለም የተለየን ነን፣ ሁሉም እኛን እያየ ይመኛል ለማለት ነው። አባባሉ ሲጀመር ግን ጉራ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነበር።

መነሻው ማቴዎስ 5፥14 ነው፣ «በተራራ ላይ ያለች ከተማ ልትሰወር አይቻላትም» የሚለው፣ ክርስቶስ ለደቀመዛሙርቱ የተናገረው እንጂ ስለ አገር የተባለ አይደለም። በ1630 (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ጆን ዊንትሮፕ የሚባለው የፒዩሪታኖች (የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን ይበልጥ ትጥራ የሚሉ ፕሮቴስታንቶች) መሪ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ለሚሄዱት ሰዎች ባዘጋጀው ስብከት ውስጥ አስገባው። የሁሉም ሰው አይን እኛ ላይ ነው ይልና ወዲያው ምን አስከተለ፣ ለአምላካችን የገባነውን ቃል ካጠፍን የአለም መተረቻ እንሆናለን አለ። ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ጥፋቱም ከሩቅ ይታያል ማለቱ ነው። ቃሉ ደግሞ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፣ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ነበር፣ በየመድረኩ ተቆርጦ የሚቀረው ይሄ ክፍል ነው፣ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም የአባባሉ ነፍስ እዛ ጋር ነው ያለችው።

ስብከቱ እስከ 1838 ድረስ እንኳን አልታተመም፣ ስለዚህ አገሪቱ በዚህ ቃል ላይ ተመሰረተች የሚባለው ኋላ የመጣ ነገር ነው። ኬኔዲ በጥር 1961 ስልጣን ሊረከብ ቀናት ሲቀሩት ማሳቹሴትስ ምክር ቤት ፊት ቆሞ ሲጠቅሰው የመጀመሪያውን መንፈስ አልለቀቀም፣ በየደረጃው ያለው መንግስት ሃላፊነቱን በሚያውቁ ሰዎች መመራት አለበት ነው ያለው። ፕሬዚዳንት ሬገን ግን «የምታበራ» የሚል ጨመረበት፣ እስከ 1989 የስንብት ንግግሩም ይዞት ዘለቀ፣ ህዝቡም ልቡ ላይ የቀረው የሱ ነው። በ1984 የኒውዮርኩ ገዢ ማሪዮ ኩኦሞ በዲሞክራቶች ጉባኤ ላይ ተነስቶ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ከቤተመንግስታቸው በረንዳ ሆነው የማያዩት ሌላ ከተማ አለ፣ ቤት የሌለው ስራ ያጣ ያለበት፣ ብሎ በራሱ በአባባሉ ሞገታቸው። ለኔ ከሁሉም ወደ ዊንትሮፕ የሚጠጋው ይሄኛው ነው።

ህዝቡስ? በ2010 የህዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ድርጅት ጋሉፕ ሲጠይቅ 80 በመቶ አሜሪካውያን አገራቸው በታሪኳና በህገመንግስቷ የተለየች፣ ከሁሉ የምትበልጥ ናት ብለው መለሱ። ከዛ በፊት በ2009 ኦባማ ስትራስቡርግ ላይ እኔ በአሜሪካ ልዩ መሆን አምናለሁ፣ እንግሊዞችም ግሪኮችም በራሳቸው ልዩ መሆን እንደሚያምኑት ሁሉ ብሎ ነበር፣ ለዚህች አንዲት ንግግር ተቃዋሚዎቹ ለአመታት አገሩን አይወድም ሲሉት ከረሙ። በ2025 ደግሞ ጋሉፕ አሜሪካዊ በመሆንህ ምን ያህል ትኮራለህ ሲል በጣም ወይም እጅግ በጣም ያሉት 58 በመቶ ብቻ ናቸው፣ ከሪፐብሊካኖች 92፣ ከዲሞክራቶች 36።