የኒውክሊየስ ግትርነት ሞዴል ምንድን ነው?

የካንሰር ሕዋስ ከተነሳበት ዕጢ ወጥቶ ሲዛመት መንገዱ አልጋ በአልጋ አይደለም። ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩ የተጠላለፉ ክሮች ይጠብቁታል። በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከሕዋሱ ያንሳል። ኢንፌክሽን ወዳለበት ቦታ የሚሮጥ ነጭ የደም ሕዋስም ያው ጣጣ አለበት። ታዲያ እንዴት ይሾልካሉ?

አቮካዶ አስቡ። ሥጋው በጠባብ ቀዳዳ ተጨምቆ ይወጣል፤ ፍሬው ግን ይቀረቀራል። የሕዋስ ፍሬ ኒውክሊየሱ ነው፤ ዲኤንኤ የሚቀመጥበት። ድንጋይ አይሁን እንጂ በዙሪያው ካለው የሕዋሱ ሥጋ፣ ከሳይቶፕላዝም፣ ከ2 እስከ 10 እጥፍ ግትር ነው። ግትርነቱን በአብዛኛው የሚወስነው ከሽፋኑ ሥር የተዘረጋው ላሚን ኤ የተባለ ፕሮቲን ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ያላቸው ላሚን ኤ በጣም ትንሽ ነው። ሌላው የማያልፍበት የሚያልፉት አንድም ለዚህ ነው።

ሞዴሉ ይህን ግብግብ በሒሳብ ይጽፈዋል። ቀላሉ ዓይነት ሁለት ኃይሎችን ያፋጥጣል። አንዱ ሕዋሱ ራሱን ለመሳብና ለመግፋት የሚያወጣው ነው፤ ይሄ ጣሪያ አለው። ሌላው የኒውክሊየሱ እምቢታ ነው፤ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ይጨምራል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ቦታ የማለፊያው ወሰን ነው። ግትርነቱ ከጨመረ ወሰኑ ወደ ሰፊ ቀዳዳ ይሸሻል።

ወሰኑ በላብራቶሪም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ካታሪና ቮልፍ፣ ፒተር ፍሪድል እና ባልደረቦቻቸው ክር የሚቆርጡ ኢንዛይሞቻቸው የታገዱ ሕዋሳትን ተከታተሉ። ክፍተቱ ከኒውክሊየሱ የወርድ ስፋት፣ ማለትም መሃል ለመሃል ቢቆረጥ ከሚታየው ገጽ ስፋት፣ 10 በመቶ ገደማ ሲደርስ ጉዞው ቆመ። እስቲ እናስላው። ዲያሜትሩ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ኒውክሊየስ የወርድ ስፋቱ 78 ካሬ ማይክሮሜትር ያህል ነው። 10 በመቶው ወደ 8 ይጠጋል፤ ይህም 3.2 ማይክሮሜትር ዲያሜትር ያለው ቀዳዳ ማለት ነው። ቀላል መጨመቅ አይደለም!

ጊዜም አለ። ኒውክሊየሱ እንደ ስፕሪንግ ብቻ ሳይሆን ቀስ እያለም ይፈሳል። ዝልግልግነቱ ለግትርነቱ ሲካፈል ቅርጹ ለመለወጥ የሚፈልገው ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ ተቀርቅሮ የቀረ የመሰለን ሕዋስ ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን የማይቆጥር ሞዴል ለእኔ ግማሽ ሞዴል ነው።

ለስላሳ መሆን ግን ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት የምርምር ቡድኖች በጠባብ ቦታ የሚያልፉ ሕዋሳት የኒውክሊየስ ሽፋናቸው እንደሚቀደድና ዲኤንኤያቸው እንደሚጎዳ አሳዩ። ሕዋሱ የተቀደደውን ሽፋን ይጠግነዋል። ላሚን ሲቀነስ ግን መቀደዱ ይበዛል። ስለዚህ የማለፊያ ወሰን ብቻ ሳይሆን የመቀደጃ ወሰንም ወደ ሒሳቡ መግባት አለበት።

ሞዴል ሠሪዎችን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው እ.ኤ.አ. በ2020 የታየው ነው። ኒውክሊየሱ ሲጨመቅ የሽፋኑ እጥፋት ይዘረጋል፤ ያ መወጠር ደግሞ ሕዋሱ ይበልጥ እንዲኮማተርና ኃይል እንዲያወጣ ምልክት ይሰጣል። እንግዲህ ኒውክሊየሱ ዝም ብሎ የሚጎተት ሸክም አይደለም። በቀላሉ ሞዴል ለየብቻ የተጻፉት ኃይልና እምቢታም አንዱ ሌላውን የሚለውጥ ሆነው እንደገና መጻፍ አለባቸው።