[ደብልዩሲ] ሲጻፍ ቅንፉ ምን ማለት ነው?

በፕላኔታሪ ኔቡላዎች (በዕድሜያቸው መጨረሻ ያሉ ኮከቦች ዙሪያቸውን የበተኑት የሚያበራ ጋዝ) ዝርዝር ውስጥ የአንዳንድ ማዕከላዊ ኮከቦች ዓይነት በማዕዘን ቅንፍ ታጥሮ [ደብልዩሲ] ተብሎ ይጻፋል። እዚያው አጠገቡ [ኦ-3] የሚል፣ የኦክስጅን የብርሃን መስመር ስምም አለ፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የኦክስጅኑ ቅንፍ መስመሩ «የተከለከለ» ከሚባለው፣ ማለትም እምብዛም ከማይከሰተው የአቶም የኃይል ደረጃ ሽግግር የመጣ መሆኑን ያሳያል። የኮከቡ ቅንፍ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ስፔክትረሙ (በሞገድ ርዝመት የተዘረጋው ብርሃኑ) ሰፋፊ ደማቅ መስመሮች ያሉትን የቮልፍ-ራዬ ኮከብ ይመስላል፣ ኮከቡ ግን ግዙፍ አይደለም።

በ1867 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተለዩት ቮልፍ-ራዬዎች የግዙፍ ከዋክብት ዕድሜ መጨረሻ ናቸው። የኔቡላው ኮከብ ክብደት ግን የፀሐይን 0.6 ያህል ነው። የሚያመሳስላቸው ሃይድሮጅን ያለቀበት ትኩስ ገጽና ጥቅጥቅ ያለ ነፋስ (ከኮከቡ የሚፈስ ጋዝ) ነው፤ መስመሮቹ ስለ ክብደት ብዙ አይናገሩም።

ኤንጂሲ 40 የተባለውን ፕላኔታሪ ኔቡላ እንመልከት፤ ኮከቡ [ደብልዩሲ8] ነው (8 ንዑስ ዓይነቱን ያመለክታል)። በ5801 እና በ5812 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት መለኪያ) ያሉት የካርበን መስመሮች ተዋህደው አንድ ሰፊ ጉብታ ይሆናሉ። ነፋሱ በሰከንድ 1000 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ መስመሩ በየጎኑ 19 አንግስትሮም ገደማ ይሰፋል። በሰከንድ 25 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የኔቡላ ጋዝ ግን ግማሽ አንግስትሮም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሰፊው የኮከቡ፣ ጠባቡ የጋዙ ነው። የኔቡላው ብርሃን በትክክል ካልተቀነሰ የሃይድሮጅን መስመር ኮከቡ ላይ ይቀራል፤ ሃይድሮጅን የሌለው ኮከብ እንዳለው ይመስላል።

ርቀት ካልታወቀ የኮከቡ እውነተኛ ድምቀት ስለማይታወቅ ቅንፉም ሊሳሳት ይችላል። ኤም1-67 የተባለው ኔቡላ ለረጅም ጊዜ በፕላኔታሪ ኔቡላነት ሲያከራክር ቆይቶ፣ መሃሉ ላይ ያለው ኮከብ ግዙፍ ቮልፍ-ራዬ ሆኖ ተገኝቷል።