«ለበንከም መናገር»፦ ማጭበርበርን የሚያጋልጠው የእንግሊዝኛ ቃል ከየት መጣ?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድን ማጭበርበሪያ ወይም የተነዛ የሐሰት ወሬ በማስረጃ ሲያፈርሱ ድርጊቱን «ዲበንክ» ይሉታል። የቃሉ ሥር አንድ የምክር ቤት አባል ያደረጉት ፍሬ ቢስ ንግግር ነው።

በየካቲት 1820 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በሚዙሪ ጉዳይ ተወጥሮ ነበር። ሚዙሪ ክልል ሆና ስትገባ ባርነት ይፈቀድባት ወይስ ይከልከል? ክርክሩ ለሳምንታት ተጓትቶ አባላቱ ድምፅ ወደ መስጠቱ ሲቸኩሉ የሰሜን ካሮላይናው ፊሊክስ ዎከር ለመናገር ተነሡ። ባልደረቦቻቸው ይቀመጡ ብለው ቢጮኹም እሳቸው ግን አልተበገሩም። የመረጣቸው ሕዝብ ንግግር እንደሚጠብቅባቸው፣ የሚናገሩትም ለበንከም እንደሆነ ገለጹ። በንከም የምርጫ ክልላቸው አካል የሆነች፣ ዛሬ አሽቪል ከተማ የምትገኝባት ተራራማ ካውንቲ ናት።

የሺዎች ነፃነት በሚወሰንበት ሰዓት፣ የአገር ቤት መራጭ «ተናገረልን» እንዲል ብቻ አፍን መክፈት! ቃሉ የንቀት ቃል ሆኖ መቅረቱ ተገቢ ነው እላለሁ። «ለበንከም መናገር» የይስሙላ ንግግር መጠሪያ ሆነ፤ ቆይቶም ቃሉ አጥሮ «በንክ» ተባለ፣ ትርጉሙም ሰፍቶ ማንኛውንም ባዶ ወሬና ማታለያ ያዘ። የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ በ1916 ታሪክ ራሱ ይብዛም ይነስ «በንክ» ነው ማለታቸው ይታወቃል።

ይህን ቃል ወደ ማጋለጫ ግሥ የለወጡት ዊልያም ውድዋርድ ናቸው። በማስታወቂያ ሥራ የቆዩት እኚህ ጸሐፊ በ1923 «በንክ» የተሰኘ ልብ ወለድ ሲያሳትሙ፣ ማስወገድን የሚያመለክተውን «ዲ» ከፊቱ ጨምረው አዲሱን ግሥ ፈጠሩ። ማሳመሪያ ቃላት እንዴት እንደሚሠሩ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ማፍረሻውንም ማበጀቱ አይደንቅም።

አጠቃቀሙ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ውሸት ነው» ብሎ መካድ ብቻ ዲበንክ አይባልም፤ ማታለያው የተሠራበትን መንገድ ገልጦ ማሳየት ይጠይቃል። የዛሬ ጎርፍ ተብሎ የሚሰራጭ ፎቶግራፍ ቢኖር፣ ሥዕሉ ቀድሞ መቼና የት እንደወጣ ፈልጎ፣ በጀርባው የሚታየው ሕንፃ የሌላ ከተማ መሆኑን ማመሳከር ነው። እኛ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን፤ ይህ ግሥ ግን እስኪጠራ መጠበቅን አያውቅም፤ የተዛመተውን ወሬ ተከታትሎ ሄዶ ሥሩን ይነቅላል።